ሻምበልና የሌሊቱ ፎርማን

ጅማ ውስጥ ማዕረግ ጡረታ አይወጣም። ዳይሬክተር የነበረ ሰው ሱቅ ከፍቶም «ዳይሬክተር» እየተባለ ስኳር ይመዝናል። በየሰፈሩ አንድ ባሻ፣ አንድ ሃምሳ አለቃ አይጠፋም። የኛ ሻምበልም እንደዚያው ናቸው። ከወታደርነት ከወጡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸው ያለቀው ቡና ውስጥ ነው። መጋዘን ውስጥ ከሚዛን ጀምረው የአንድ ቡና ላኪ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ እስከ መሆን ደርሰዋል። ዛሬም ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ ያለ ሰው «ሻምበል» ብሎ ነው የሚጠራቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፈውም፤ አይወዱትም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አመራር ያስተምራሉ።

እውነቱን ለመናገር የአመራር ሥልጠና ሲባል ደስ አይለኝም። ብዙ ያየን ነን። አበል አለ፣ ሻይ በብስኩት አለ፣ መጨረሻ ላይ ሰርተፊኬት አለ። ሰኞ ቢሮ ሲገባ ግን የተቀየረ ነገር የለም። እኔም ወደ ሻምበል የሄድኩት አለቃዬ ስለላከኝ ነው። የምሠራው ቡና አቅራቢ ድርጅት ውስጥ ነው። የለቀማ ወቅት ሳይደርስ «ሂድና ስማቸው» ተባልኩ፤ ሄድኩ።

ትምህርቱ የሚሰጠው ከአንድ ሆቴል በተከራዩት አዳራሽ ነው። ፕሮጀክተር የለም። ነጭ ሰሌዳ አለ፤ ብዙም አይነካም። ጥግ ላይ ቡና ይፈላል። የሚመጣው ሰው የቡና ሳይት (እሸት ቡና ተረክቦ የሚፈለፍልና የሚያጥብ ጣቢያ) ፎርማን፣ የባንክ ቤት ሠራተኛ፣ የባጃጅ ማኅበር ሊቀመንበር፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤት፣ ሁሉም ዓይነት ነው። ግማሹ በአማርኛ ይጠይቃል፣ ግማሹ በአፋን ኦሮሞ። ሻምበል በተጠየቁበት ይመልሳሉ።

እኔ የጠበቅኩት የተለመደውን ነበር። ጥሩ መሪ አርቆ ያያል፣ ጥሩ መሪ ያዳምጣል፣ ምናምን። ሻምበል ግን ከሽንፈት ጀመሩ።

መጋቢት 1980። አፍአበት። ኤርትራ ውስጥ ነው፤ የደርግ ጦር የናደው ዕዝ መቀመጫ እዚያ ነበር። ዕዙ ከመፍረሱ ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ የካቲት ላይ፣ አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥቱ ኃይለማርያም ትዕዛዝ ተረሽነው ነበር። ሻዕቢያ አፍአበትን ሲይዝ የተማረከው መሣሪያና የጠፋው ሰው ብዙ ነው። በግንቦት 1981 የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ከሸፈ። በዓመቱ የተያዙት ጄኔራሎች ተረሸኑ። በግንቦት 1983 በአፍሪካ ትልልቅ ከሚባሉት አንዱ የነበረው ሠራዊት ተበተነ። ሻምበል ያኔ ሌላ ግንባር ነበሩ። ከተሃድሶ ካምፕ ሲወጡ የቀራቸው የለበሱት ልብስ ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ ያወሩት ለፖለቲካ አይደለም። ማንንም አላወገዙም። የፈለጉት ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሠራዊት ውስጥ በአንድ ክፍል ሦስት ሰው ያዝዝ ነበር። አዛዡ አለ። የፖለቲካ ኮሚሳሩ አለ። የደኅንነቱ ሰው አለ። እያንዳንዱ የራሱ መስመር አለው፤ ለየብቻው ወደ ላይ ያወራል። አዛዡ ጦሩን ከአንድ ኮረብታ ወደ ሌላው ላንቀሳቅስ ቢል ሁለት ዓይን ከኋላው አለ። መጥፎ ወሬ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ምን እንደሚጠብቀው ታሪኩ ዓይኔ ላይ ታየ።

«ማሰብ ያስገድላል። መጠበቅ አያስገድልም» አሉ ሻምበል። «ስለዚህ ሁሉም ይጠብቃል።»

ከዚያ ቡናቸውን ፉት አሉና «እስቲ አሁን የናንተን ሳይት አስቡ» አሉን።

ከአጋሮ መንገድ የመጣ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። እሱ የሚሠራበት ሳይት አንድ ሌሊት ጄኔሬተሩ ቀጥ አለ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ከገበሬው የተረከቡት እሸት ቡና ክምር ብሎ ተቀምጧል። ቡና የማያውቅ ሰው ካለ፣ እሸት በዋለበት ቀን ካልተፈለፈለ ክምሩ ውስጥ ይሞቃል፣ መቡካት ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጣዕም ምንም አያነሳውም። የሌሊቱ ፎርማን ይህን ያውቃል። ጎረቤት ካለው ሳይት ጄኔሬተር መከራየት ይቻል ነበር። ብር ለማውጣት ግን ባለቤቱን መጠየቅ አለበት። ባለቤቱ አዲስ አበባ ናቸው፤ ስልካቸው ዝግ ነው። የባለቤቱ ወንድም «እኔ አያገባኝም» አለ። ሒሳብ ሠራተኛዋ «ያለ ፊርማ አንድ ብር አይወጣም» አለች። ፎርማኑ ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። ጠዋት ክምሩ ይሸታል።

አዳራሹ ሳቀ። ሻምበል አልሳቁም። «ማን አጠፋ?» ብለው ጠየቁ። አንዱ ፎርማኑ አለ። ሌላው ባለቤቱ አለ። ሻምበል ሰሌዳውን የተጠቀሙት ያኔ ነው። ሦስት ክብ ሣሉ፤ ባለቤት፣ ወንድም፣ ሒሳብ ሹም። ከሥር አንድ ትንሽ ክብ፤ ፎርማን። ከላይ ሦስት ቀስት ወደ ታች አወረዱ። ከአፍአበት ጋር አገናኝታችሁ ተረዱ አላሉንም፤ ተገናኝቷል።

እኔ የዚያን ቀን የገባኝ ሰውየው ለምን ከሌሎቹ አሠልጣኞች እንደሚለዩ ነው። ወታደር የነበረ ሥራ አስኪያጅ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን የሚያዝዝ ሰው ነው። ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ሰዓት ያከብራል፣ ሌላው ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሻምበል ዋጋ ግን ትዕዛዝ ማወቃቸው አይደለም። ትዕዛዝ ሲበጠስ ምን እንደሚከተል በዓይናቸው አይተዋል። ቀሪው የሚያስተምሩት ሁሉ ከዚያ ነው የሚወጣው።

መፍትሔው የወታደር መፍትሔ ነው፤ ከውጭ የመጣ። የዛሬዋ ጀርመን አካል የነበረችው ፕሩሺያ በ1806 እ.ኤ.አ. የና በሚባል ቦታ በናፖሊዮን ተደቆሰች። ከሽንፈቱ በኋላ የተነሱት የጦር ለዋጮች አንድ ነገር አዩ፤ አዛዡ ሩቅ ነው፣ ጭሱ ቅርብ ነው። በኋላ ሞልትከ የሚባለው የጦር ሹማቸው ይህን አሠራር አጠነከረው። ለበታቹ ምን እንደሚፈለግና ለምን እንደሚፈለግ ንገረው፤ እንዴት እንደሚያደርገው ለእሱ ተውለት። ዛሬ ብዙ ሠራዊቶች የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። ጠብመንጃ ይዞ የማያውቅ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ሁሉ ተውሶታል።

ሻምበል ይህን ከነገሩን በኋላ ወረቀት አደሉ። ለሌሊቱ ፎርማን ትዕዛዝ ጻፉ አሉን። አብዛኛው ሰው «እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ፈልፍሉ» የሚል ነገር ጻፈ። ሰብስበው አነበቡና ቀደዱት። ከዚያ የራሳቸውን አስጻፉን። «የዛሬው እሸት ሳያድር እንዲያልቅ እፈልጋለሁ። ካደረ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ደረጃው ይወርዳል። ለዚህ ሲባል እስከዚህ ብር ድረስ ሳትጠይቀኝ አውጣ፤ ጠዋት ትነግረኛለህ።»

ይህቺን ትዕዛዝ ደጋግሜ አይቻታለሁ። ጉልበቷ ምክንያቱ ላይ ነው። ምክንያቱን የማያውቅ ፎርማን ማሽኑ ከቆመ ሥራውም ቆመ። ምክንያቱን የሚያውቅ ግን ክምሩ መሞቅ እንደሌለበት ያውቃል። ጄኔሬተር ባይገኝ እንኳ ሰው ቀስቅሶ እሸቱን ማድረቂያ አልጋ ላይ በስሱ ይበትነዋል። ታጥቦ ሊሸጥ የነበረው ቡና ከነገለባው፣ ጀንፈል ሆኖ ይደርቃል። ዋጋው ይቀንስ ይሆናል፤ ድካሙ ግን ሜዳ ላይ አይቀርም። ይህን ማንም አላዘዘውም።

የብር ጣሪያው ነገር ግን አከራካሪ ነው። ሒሳብ ክፍል ያሉ ሰዎች ሲሰሙ ይንቀጠቀጣሉ፤ ልክም ናቸው። ሌብነት አለ። ሻምበል ለዚህ የሚሰጡት መልስ አጭር ነው። «የሚሰርቅህ ፎርማን ካለህ በጣሪያውም ያለ ጣሪያውም ይሰርቅሃል። ቀይረው።» እኔ መልሱ ቀለል አለብኝ። ሰው መቀየር እንደ አፍ አይቀልም፤ በለቀማ ወቅት ደግሞ ጨርሶ።

ስለ ምግብ ያስተማሩት ቅዳሜ ለብቻው መጻፍ አለበት። በብዙ ሠራዊት ያለ ልማድ ነው፤ ራሽን ሲታደል መኮንን መጨረሻ ይበላል። ይህን ሲናገሩ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ሻምበል፣ እኛ አገር እኮ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ነው የሚባለው» አሉ። ሳቅ ሆነ። ሻምበል ተረቱን አልተከራከሩትም። ሥራ አስኪያጅ ሳሉ ያደረጉትን ነገሩን። በቡና ወቅት ብር ያጥራል። ባንክ ይዘገያል፣ ገበሬው እጅ በእጅ ይፈልጋል፣ ደመወዝ ይደርሳል። ያኔ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ ቢሮ ያለው ይከፈለዋል፣ አልጋ ላይ ቡና የምታገላብጠው ሴት «ሰኞ ነይ» ትባላለች። እሳቸው ተራውን ገለበጡት። መጀመሪያ የቀን ሠራተኛ፣ ቀጥሎ ጥበቃና ሾፌር፣ ከዚያ ቢሮ፣ መጨረሻ ሥራ አስኪያጅ። አንድ ወቅት ለረጅም ጊዜ ያለ ደመወዝ ከርመው ሚስታቸው «ቡና ነው ወይስ አየር የምትሸጠው?» ብለዋቸዋል አሉ።

ይህ ደግነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሥራ አስኪያጁ መጨረሻ የሚከፈለው ከሆነ ብር ቶሎ እንዲገባ ማንም ሳይነግረው ይሮጣል።

የማልስማማበትም አለ። በር ይቆልፋሉ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ይጀመራል ከተባለ፣ 3 ሰዓት ከአምስት የመጣ ሰው ውጭ ይቆማል። ከሊሙ ተሳፍሮ የመጣ ሰው በመንገዱ አመካኝቶ ሳይሆን በመንገዱ ምክንያት ሊዘገይ ይችላል። ዝናብ ሲዘንብ ያንን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዲት የማጠቢያ ሳይት ፎርማን፣ ከክፍሉ ጥቂት ሴቶች አንዷ፣ በሩ ላይ ቆማ ቀርታ በሚቀጥለው ቅዳሜ እጇን አወጣች። «ሻምበል፣ የእርስዎ ወታደር መልቀቂያ ማስገባት ይችል ነበር?» አለቻቸው። «አይችልም» አሉ። «የኔ ሠራተኞች ግን ነገ ጠዋት ማዶ ያለው ሳይት ሄደው መሥራት ይችላሉ። በኪሎ ሃምሳ ሳንቲም ከጨመረላቸው ይሄዳሉ። እኔ በር ብቆልፍ በሩ የሚዘጋው በኔ ላይ ነው።»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ከዚያ ሁሉ ቅዳሜ ጥሩው ሳይሆን አይቀርም። ሻምበል ትንሽ ዝም አሉና መጋዘን አለቃ የሆኑበትን የመጀመሪያ ወር ነገሩን። የቀን ሠራተኛውን ጠዋት ጠዋት አሰልፈው ስም ይጠሩ ነበር። ተጠንቀቅ አላሉም እንጂ ከዚያ የቀረ ነገር አልነበረም። በሳምንቱ ጆንያ ተሸካሚው ግማሹ ጠፋ። የቀሩትም የቀሩት ሌላ ቦታ ስላላገኙ ነው። አንድ አዛውንት ጫኝ «ልጄ፣ እኛ እኮ አልተማረክንም» አሏቸው። ሰልፉ በማግሥቱ ቀረ። ከወታደር ቤት ካወጡት ትምህርት ይልቅ እዚያው ትተው የመጡት ይበዛል ማለት ነው። ይህንን ግን ሳይጠየቁ አያወሩም። የአዳራሹም በር አሁንም በ3 ሰዓት ይቆለፋል።

ቤት ገብቼ ስለ ሌሎች ሰዎች ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲያ ነው። ፍሬድሪክ ስሚዝ አለ፤ በአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ቬትናም ዘምቶ የተመለሰ፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ፌዴክስን የመሠረተ። ኩባንያውን የመራሁት እዚያ በተማርኩት ነው ይል ነበር። በተቃራኒው ሮበርት ማክናማራ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአየር ኃይሉ ቁጥር ሲያሰላ ቆየ፣ ፎርድ መኪና ኩባንያ ገብቶ በ1960 እ.ኤ.አ. የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሆነ፣ ወዲያው ኬኔዲ የመከላከያ ሚኒስትር አደረገው። ቬትናምን በቁጥር ሊመራ ሞከረ። ስንት ጠላት ተገደለ የሚለው መለኪያ ሆነ። መለኪያ ሲሆን ደግሞ ከታች ያለው ሰው መለኪያውን ይመግበዋል፤ ቁጥሩ አበጠ፣ በጦርነቱ ግን ድል አልተገኘም።

እኛም አገር ማክናማራ ሞልቷል። ሳይት የሚለካው በቀን በተረከበው ኪሎ ነው። ሰብሳቢው ኪሎ ለመሙላት ያልቀላውን፣ አረንጓዴውን ሁሉ ይቀበላል። ሪፖርቱ ያምራል። ቀማሹ ጋ ሲደርስ ነው ጉዱ። ይህንን ለሻምበል ስነግራቸው ማክናማራን በደንብ ያውቁት ነበር። «እሱ እንኳን ተዋጊ ወታደር አልነበረም፤ ሒሳብ ሠራተኛ ነበር» ብለው ዘጉት። ለወታደር ማድላታቸው አልቀረም።

ከሥራ በኋላ ስለሚደረገው ውይይት ያስተማሩት ግን ክፍሉን አስቸገረው። የአሜሪካ ጦር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስጀመረው ነው። ልምምድ ሲያልቅ ሁሉም ይቀመጣል፤ ምን አስበን ነበር፣ ምን ሆነ፣ ለምን ሆነ፣ በሚቀጥለው ምን እናድርግ። ማዕረግ ውጭ ይቀራል። ሻምበል የራሳቸው ጭማሪ አላቸው፤ ከሁሉ ትንሹ መጀመሪያ ይናገራል፣ አለቃ መጨረሻ። ቀላል ይመስላል። ሲያስሞክሩን ግን አዳራሹ ድንጋይ ሆነ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ግምገማ ገብቶ ያውቃል። ራስህን ሂስ አድርግ ተብሎ ያውቃል። ወረቀት ይዞ ሲጽፍበት የነበረውን ባልደረባውን ያስታውሳል። እንዲህ ያለፈ ሰው አራት ጥያቄ ስለተጻፈለት አፉን አይከፍትም። ሻምበል አልገፉም። የዕለቱን ትምህርት ራሳቸውን አቀረቡ፤ «እኔ ዛሬ ምን አበላሸሁ?» አሉ። ረጅም ዝምታ። ከዚያ ቡና የምታፈላው ልጅ ከጥግ «በጣም ብዙ አወሩ» አለች። ከዚያ በኋላ ነው ሰው የተናገረው።

አንድ ቅዳሜ ጅረን ወሰዱን። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማ ቅርብ ነው፤ ግን ጅማ የሚኖር ሰው እንግዳ ካልመጣበት አይወጣም። ከእንጨቱ ሰገነት ሥር ቆመው ስለ ዳግማዊ አባ ጅፋር ተናገሩ። በ1878 እ.ኤ.አ. ነገሡ። ምኒልክ ሲበረቱ ገበሩ፤ እንደሚነገረው እናታቸው ጉሚቲ ናቸው የመከሯቸው። በግብሩ ልውጥ ጅማ ሳትቃጠል ቀረች፣ የራሷን አስተዳደር ይዛ ለአሥርት ዓመታት ቆየች፣ የሂርማታ ገበያም ደራ። «ትልቅ አዛዥ ማለት ይህ ነው። የትኛውን ጦርነት እንደማይዋጋ የሚያውቅ» አሉ።

ከቦንጋ የመጣ ልጅ ግን አልተዋጠለትም። «እንግዲያ ጋኪ ሸሮቾ ተሳስቷል?» አለ። የከፋው ንጉሥ ተዋግተው ነው በ1897 እ.ኤ.አ. የተያዙት፤ ሕዝባቸውም የከፈለው ዋጋ ከባድ ነው። ሻምበል «ሁኔታው ይለያያል» ምናምን አሉና ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ። እዚህ ላይ ሸሹ። ሳይሸነፍ የተዋጋና ሳይዋጋ ያልተሸነፈ ንጉሥ ብቻ ከሆነ የሚደነቀው፣ ወድቆም የሚከበረውን ምን እንበለው? እሳቸው ራሳቸው ከተሸነፈ ሠራዊት የወጡ ሰው ናቸው። ያንን ጥያቄ ከማንም በላይ ሊመልሱ ይችሉ ነበር። ሲመለሱ መኪና ውስጥ ብዙ አላወሩም።

ለቀማው ሲጀመር እኛ ሳይት ላይ ያቺ የሦስት ዓረፍተ ነገር ትዕዛዝ ግድግዳ ላይ ተለጠፈች። አለቃዬ የብር ጣሪያውን አሳንሶታል፤ ግን ፈርሞበታል። የሌሊቱ ፎርማን እስካሁን ተጠቅሞባት አያውቅም፤ ጄኔሬተሩ አልተበላሸም። ያም ሆኖ ድሮ በየሌሊቱ «ምን ላድርግ?» እያለ ይደውል የነበረው ሰው አሁን ጠዋት «ይህን አደረግኩ» ብሎ ነው የሚደውለው። ስልኩ ራሱ አጥሯል።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቃቸው አልቀረሁም። አዳራሹን የሚሞላው ፎርማን፣ ሱፐርቫይዘር፣ እንደኔ ያለ መሐል ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ፎርማን ወስን ተብሎ ቢማር፣ ወሰንክ ብሎ የሚያባርረው ባለቤት ሳይማር ምን ዋጋ አለው? ከላይ ያሉት ሦስት ክቦች እኮ አንዳቸውም ክፍሉ ውስጥ የሉም።

ሻምበል አስበውበታል። ከለቀማው በኋላ ለባለቤቶች ብቻ የሚሆን አንድ ቅዳሜ ሊያዘጋጁ ነው። ክፍያው ከኛ እጥፍ ይሆናል አሉኝ። ለምን ብላቸው «ካረከስኩት ፎርማናቸውን ነው የሚልኩልኝ» አሉ።